«ይነሱ» ስለተባሉት ስምንት መስኮቶችና ስለ አንዲት አውራ ጣት

ለተከበሩ የነባር ቤቶች ገጽታ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሉሚኒየሙ መስኮት አጠገብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎን ነፋስ እንዳይመታዎ፣ የተቀመጡበትም ወንበር እግሩ እንዳይላላብዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ከላላም አናጺ ነኝና አንድ ሽብልቅ ለማስገባት ከእኔ የሚቀርብዎ የለም። እኔና ቤተሰቤ ጽሕፈት ቤትዎ በከፈተልን ቀዳዳ ከሚገባው ብርድ በቀር እጅግ ደህና ነን።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅዎ። በዚህ ሰፈር ሃያ ሰባት ዓመት በር ስገጥም፣ መስኮት ስጠግን፣ የሰው ቁም ሣጥን ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ በማታ ትምህርት ቤት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ጨርሼ፣ ከአርባ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የወጣችው ልብስ አጣቢ በእጅ ጽሕፈት ትበልጠዋለች የሚል ወሬ ከደረሰዎ ምቀኞች ያስወሩት ነውና አይስሙ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከቢሮዎ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚውሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱም አልጻፈልኝም። እያንዳንዷ ፊደል የእጄ ሥራ ናት፤ አንዳንዷ ትንሽ ብትንጋደድም ከመስመሯ አልወጣችም።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። መምህርታችን ለባለሥልጣን ሲጻፍ ነገር ሁሉ በቁጥር ይቀመጥ፣ ያለዚያ አንብበው አይጨርሱትም ብላናለች። በቁጥርም ቢሆን እንደማይጨርሱት ባውቅም፣ የት ላይ እንዳቆሙ ለማስታወስ ይረዳዎታል።

አንደኛ፤ ባለፈው ዓመት ስለላኩልን ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ሲናገር የሚያንሾካሹክ፣ እጅግ ትሑት ሰው ነበር። የመጣው አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወደሚኖሩበት፣ እኔም ልጃቸውን አግብቼ ወደገባሁበት አሮጌ ቤት ነው። ቤቱን ያሠሩት የአማቴ አባት ናቸው፤ ስምንቱም የጥድ መስኮቶች ቤቱ ከቆመበት ቀን ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ባለሙያዎ ወረቀት አወጣና «የቤቱ መስኮቶች በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች እንዲነሱ ፈቅጃለሁ» የሚል አነበበልኝ። እኔ ያን ጊዜ ማንበብ የማልችል፣ ዓይኔም ካሜራው ላይ የነበረ ሰው፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው «ይነሱ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠቢብ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሁሉም ይነሳሉ ወይ አልኩት፤ ሁሉም፣ አንድ በአንድ አለኝ። ከውስጥም ከውጭም ወይ አልኩት፤ ከነመቃናቸው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ለመቃን ክብር የሚሰጥ ፎቶ አንሺ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኛስ አብረን እንነሳ ይሆን ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ እናንተ ለጊዜው አትነሱም አለኝ። ያቺን «ለጊዜው» ዛሬ ሳስባት ጀርባዬን ይበርደኛል።

ግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ስምንቱን መስኮት በሳሙና አጠብኩ፣ ባለቤቴ ንጹሕ መጋረጃ ሰቀለች፣ አማቴም ያልተጠሩበት ግብዣ ቢሆንም የክት ልብሳቸውን ለብሰው በፊት ለፊቱ መስኮት ብቅ አሉ። ባለሙያዎ አነሳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ሥራ ቦታ ሳለሁ፣ የብረት መፈንቀያ የያዙ አራት ሰዎች መጥተው ያንኑ መስኮት አነሱት። ማታ ስገባ ግድግዳው ላይ የቀረው መጋረጃው ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለሰጡን ምትክ። በቀዳዳው ላይ ለጊዜው ቆርቆሮ መቱበት፤ ቀጥሎ አሉሚኒየሙ መጣ። ቤታችንን የሠሩት ሰዎች ውኃ ልክ አልነበራቸውም፤ በዓይናቸው ነው የገነቡት፤ ስለዚህ የመስኮቱ ቦታ ከታቹ ይልቅ ከላይ በሁለት ጣት ይሰፋል። አሮጌው መስኮት ይህን ያውቅ ነበር፤ ጎኑ በመላጊያ እየተላገ ከግድግዳው ጠማማነት ጋር ተስማምቶ አብሮት አርጅቷል። የእርስዎ አሉሚኒየም ግን ልክ እንደ እርስዎ ቀጥ ያለ፣ ነገር ቢያስረዱት የማይሰማ ነው። አራቱ ሰዎች ገፉት፣ አዞሩት፣ ሰደቡት፤ በመጨረሻም ግድግዳው ነው የተሳሳተው ብለው ይዘውት ተመለሱ። ስምንት ወር ሆነ። ግድግዳው እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ልተው። አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ከዚያ መስኮት ሥር የቆመችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ክር ወደ መርፌ የሚያስገቡት፣ ስፌቱ ቀጥ ማለቱን የሚያዩት በዚያ ብርሃን ነው። ባለሙያዎ አምፖል ያብሩ ብሎ መክሯቸው ነበር፤ አምፖሉ ከጀርባቸው ሲበራ የራሳቸው ጥላ መርፌው ላይ እንደሚወድቅ ካሜራ የያዘ ሰው ማወቅ ነበረበት። አሁን ጥቁር ጨርቅ አይቀበሉም፤ ደንበኞቻቸውም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደዋል። አሻራዬ ምን እንዳደረገ በተረዱ ቀን፣ አንተ ጣትህን ቀለም አስነከርክ፣ እኔ ጣቴን መርፌ አስወጋለሁ፣ ተካፍለናል ማለት ነው አማቼ፣ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ነገሩን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው ማታ ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ።

ሦስተኛ፤ «በስብሰዋል» ስለተባሉት። ባለሙያዎ መስኮቶቻችንን የመረመረው በእስክሪብቶ ጫፍ ወጋ ወጋ በማድረግ ነው። በእስክሪብቶ ከተወጋ የማይበሰብስ ነገር የለም፤ የእኛ ጉዳይ ራሱ ምስክር ነው። የቀሩትን ሰባት መስኮቶች በትርፍ ጊዜዬ አንድ በአንድ አውርጄ አየኋቸው፤ የበሰበሰው በሦስቱ ላይ ዝናብ የሚያርፍበት ታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው፣ እሱም አራት ጣት ያህል። የታመመውን ቆርጬ ጣልኩ፤ ከፈረሰ በር ያገኘሁትን የዚያኑ ዘመን ጥድ በመሮ ሰርስሬ፣ ወንድና ሴት አድርጌ፣ ያለ አንድ ምስማር አጋጠምኩት። ከላያቸው የተደራረበውን ቀለም ስፍቅ ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ዛሬም የሚሸት እንጨት አገኘሁ። ማጠፊያዎቹን በናፍጣ አጠብኩ፤ ብርጭቆዎቹን አንድም ሳልሰብር አውጥቼ በአዲስ ስቱኮ መለስኳቸው። ዛሬ ሰባቱም በአንድ ጣት ይከፈታሉ። በዚህ ሰፈር እኔን የሚያህል አናጺ የለም፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ባለቤቴም አንድ ጊዜ ብላዋለች።

አራተኛ፤ ስለ መልስዎ ፍጥነት። ማንበብ ሳልችል በፊት ሦስት ማመልከቻ አስጽፌ አስገብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት መልሱን ልጠይቅ መጥቼ ኮሪደርዎ ላይ ተራ ስጠብቅ፣ የአሉሚኒየሙ መስኮት በነፋስ እየተንቀጫቀጨ የሰው ጆሮ ይበላ ነበር፤ እንዳይንቀጫቀጭም ክፍተቱ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ተሸጉጣለች። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር፤ ወረቀቷንም ሳብ አድርጌ ዘረጋኋት። ሁለተኛዋ ማመልከቻዬ ናት። ወዲያው አጣጥፌ ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ በዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ ያገኘች ብቸኛ ማመልከቻ እሷ ስለሆነች እንጀራዋን ልዘጋባት አልፈለግሁም። የተወሰደው መስኮታችንም ከግቢዎ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዘበኛዎ ካልሲ ያሰጣበታል። ዘበኛዎን አልወቅስም፤ ከእርስዎ ሠራተኞች መሀል መስኮቱ ጥቅም እንዳለው ያወቀ እሱ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ግልጽነትዎ። በዚያው ቀን መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ በአሻራ የፈረመ ሰው ማንበብ አይችልም ብላ ፋይላችንን ፊት ለፊቴ ክፍት ትታ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። እግዜር ይስጣት። በመጀመሪያ ያየሁት የአማቴን ፎቶ ነው፤ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በመስኮቱ መሀል ቆመው፣ ፈገግ ብለዋል። ከሥሩ «ያረጀ፤ ለዕይታ የማይመች፤ የሚነሳ» ተብሎ ተጽፏል። ቤት ገብቼ ስነግራቸው መስኮቱን ነው ወይስ እኔን አሉኝ። መስኮቱን ነው አልኳቸው። ቢሆንም ፎቶው ላይ እንዴት ነኝ አሉ።

ሁለተኛው ያነበብኩት ግን የእኔው ወረቀት ነው። ከአውራ ጣቴ ምልክት በላይ፣ በትልልቁ፣ «የቤቱ ባለቤት አሻራ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክቡር ሆይ፣ እኔ የልጃቸው ባለቤት ነኝ እንጂ የቤታቸው አይደለሁም። የቤቱ ባለቤት ከወረቀቱ ጎን ባለው ፎቶ ላይ ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ ከጽሕፈት ቤትዎም እስከ ዛሬ «ይፈቅዳሉ ወይ» ብሎ የጠየቃቸው የለም። የወሰዳችሁት መስኮት የተወሰደው ፈቃድ ሊሰጥ በማይችል ጣት ነው።

ስድስተኛ፤ ትናንት በራችን ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ። «ቀደም ሲል በተሰጠው ፈቃድ መሠረት የቀሩት ሰባት መስኮቶች ሀሙስ ጠዋት ይነሳሉ» ይላል። ሐሙስ በሐመሩ «ሐ» እንደሚጻፍ መምህርታችን አስተምራናለች፤ በቀይ አርሜዋለሁ። ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ሦስት ዓይነት «ሀ» ያስቀመጠ ቸር ፊደል ነው፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ለአንዲት ሰፊ አንድ መስኮት ነፈገ።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምጠይቀው ይህን ነው፤ የሐሙሱ ሥራ ይሰረዝ፤ ከግቢዎ ጀርባ ያለው መስኮት ከነመቃኑ ይመለስ፤ ካልሲዎቹን ዘበኛዎ ራሱ ያንሳ። መስኮቱ ከተመለሰልኝ በአንድ ቀን ቦታው ላይ አስገባዋለሁ፤ ግድግዳውና እሱ የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ይህን ሁሉ ለአማቴ አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አላስቀየሩኝም፤ ስለ እኔ አናጺነት የጻፍኩት ላይ ብቻ ሳል አደረጉ። ከዚያ፣ አንተ አንድ ጊዜ ስለ እኔ ፈርመሃል፣ ይበቃሃል፣ አሁን እኔ ልፈርም አሉ። ፊደል ስላልተማሩ ጣታቸውን ቀለም ላስነክር ስል እጄን መቱኝ። በእርሳስ ጻፍልኝ አሉ። ከደብዳቤው ግርጌ አንዲት ቃል በትልልቁ ጻፍኩላቸው፤ ወረቀቱን ወስደው፣ መኪናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በቆርቆሮው ጨለማ በእጃቸው እየዳበሱ፣ በእርሳሱ መስመር ላይ በቀይ ክር ሰፉት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ክሩ አጠገብ የሚያዩት ነጠብጣብ ቀለም አይደለም። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ወደ ጎን ሄዳለች፤ ላስተካክላት ብል ተዋት፣ ባላየኋት ብርሃን ነው የሰፋኋት፣ ይዩት አሉ።

የቤቱ ባለቤት የሰፉት ቃል ይህ ነው፦

አልፈቀድኩም

ለሰጡን ትኩረት፣ ለላኩልን ብርድ፣ እንዲሁም በአምሳ ሁለት ዓመቴ ትምህርት ቤት እንድገባ ስላደረጉኝ ውለታዎን በሕይወት እስካለሁ የማልረሳ፣ በማዕረግዎ ፊት ባርኔጣዬን አውልቄ፣ መሮዬን ግን በኪሴ አድርጌ የምቆም፣

የሰፈርዎ አናጺ፣ የማታው ክፍል አንደኛ፣ የባለቤቲቱ አማች

ማስታወሻ፤ ዋናውን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነም ቅጂውን በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት ብሎን አስሬ፣ የብሎኖቹን ራስ በስቱኮ ሞልቼ ቀለም ቀብቼባቸዋለሁ። ሰሌዳውን ሳይሰብር ሊያወጣቸው የሚችል ባለሙያ በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ስለሚገኝ፣ አራቱ ሰዎች ሲመጡ ብሎን መፍቻ ሳይሆን መስኮታችንን ይዘው ቢመጡ ሊያነጋግራቸው ፈቃደኛ ነው።