የዳንኤል ንጹህ ሪከርድ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ከሥራ ስመለስ ዳንኤል ደውሎ ስለጠራኝ ስኮትዴል ሰፈር ያለው ቤቱ ጎራ አልኩ። ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡ ላይ የሻጠውን ሽጉጥ አሳየኝ። ታክሲ ሲነዳ ስለሚፈራ ነው የገዛው።

"ስገዛ ባክግራውንድ ቼክ አደረጉኝ፣ ወንጀል እንዳለብኝና እንደሌለብኝ አጣሩ፣ ወዲያው አለፍኩ ጋሼ። በልብስ ስር የምይዝበት ፈቃድም ወጣልኝ። ሪከርዴ ንጹህ ነው" አለኝ።

ሚስቱ ሰናይት ሻይ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ንጹህ ያደረግንለት እኛ ነን። አምና ከንፈሯን መትቶ ሲያደማት ፖሊስ ልትጠራ ነበር። ከቸርች ለሽምግልና ሄደን አስቆምናት። "የቤት ገመና ፈረንጅ ፊት አይዘረገፍም፣ ልጄ" ያልኳትም እኔው ራሴ ነኝ። እሱ እግራችን ላይ ወደቀ፣ እሷ አለቀሰች፣ ጸልየን ወጣን። ትዳር አዳንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ያኔ ተከሶ ቢፈረድበት ኖሮ ዛሬ የትኛውም ሱቅ ሽጉጥ አይሸጥለትም ነበር።

ስወጣ ሰናይት እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ስንጣላ ማንን ልጥራ?" አለችኝ። ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

"እኔን ጥሪኝ፣ በማንኛውም ሰዓት እመጣለሁ" አልኳት። አንገቷን በእሺታ ነቅንቃ ተመለሰች።

ደህና መልስ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። መኪናውን አስነስቼ ትንሽ እንደሄድኩ ነው የገባኝ። ዛሬም ፖሊስ አትጥሪ ብያት ነው የመጣሁት።