«ሉክ አት ሚ»

ልጄ ሥራነሽ፣ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ቀድማ ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉም ታጭዶ ገብቷል።

ባለፈው እሁድ በስልክ የልጅ ልጄን ትንቢትን «የኔ ልጅ፣ እስቲ እዪኝ» ብላት በፈረንጇ አማትሽ ጉያ ተሸሸገች። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብትላት ግን ተፍለቀለቀች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ።

አሁን የተመረቀችው የጎረቤታችን ልጅ ሂዊ ሥራ እስክታገኝ እንግሊዝኛ ታስተምረኛለች። «ሉክ ብቻ አይበቃም እማማ፤ አት ሚ ካልጨመሩበት ማንን ትይ?» ትለኛለች። እኛ በአንዲት ቃል «እዪኝ» የምንለውን እነሱ ሦስት ቦታ ይበትኑታል። ላም ሳልብ ሳይቀር «ሊስን ቱ ሚ» እላለሁ።

የልጅሽን እጅ ይዘሽ ደጄን ለመርገጥ ያብቃሽ። አደራሽን፣ የፊታችን እሁድ ስትደውዪ ሴትዮዋን ገበያ ላኪልኝ፤ እሷ እየሰማች ከተናገርኩ አፌ ይተሳሰርብኛል።

እናትሽ እቴናት፣ ከአምበር