ያልወረደችው ቅርጫት

እሙዬ ጓደኛዬ፣

«አረብ አገርም ድሃ አለ እንዴ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሐምራ በሚባለው ሰፈር ደረጃውን በማጸዳው ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ብቻቸውን ይኖራሉ። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሲቆም ከበረንዳቸው ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፤ ባለሱቁ ዳቦና አትክልት ይሞላላቸዋል። የአገሩ ገንዘብ ሊራው ዋጋው ሲወድቅ ግን ጡረታቸውም አብሮ ወደቀ። ባለፈው ማክሰኞ ባለሱቁ ገንዘብ የሌለባትን ቅርጫት አይቶ ፊቱን አዞረ። እዚያው ከበረንዳው ሥር ባለው ምግብ ቤት ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ሰዉ ወንበር እስኪለቀቅለት ተሰልፏል። እኛ ሰፈር ሀብታምና ድሃ ቢያንስ በአጥር ይለያያሉ፤ እዚህ ያኒ፣ ማለቴ፣ አንዱ የሌላውን ጥብስ እያሸተተ ጦሙን ያድራል።

ምሳዬን ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ገመዱን ሲስቡ ቁልቁል አዩኝ፤ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። «ሜርሲ ሀቢብቲ» ብለው አመስግነውኝ ቶሎ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቅርጫቷ አልወረደችም። ትናንት በራቸውን ባንኳኳ፣ ሳይከፍቱ «ደህና ነኝ፣ ምንም አላጣሁም» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባለቤትሽን ሞላልኝንም ሰላም በይልኝ። እናቴ ከጠየቀችሽ፣ «ደህና ናት፣ ምንም አላጣችም» በያት።

ሀረገወይን