የአዴ ድንቅቱ ግድግዳ

መስከረም 22 ቀን 1979

ዛሬም እጃጂ። በጠዋት ከአምቦ ወጣን፤ ጉደር ላይ ጎማ ተነፈሰ... ቀየርን። ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች ዞርኩ። ሰኔ ላይ እኔና ቡድኔ በዲዲቲ የረጨናቸው ናቸው። በየደጁ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው። ወባ።

አዴ ድንቅቱ የሚባሉ ባልቴት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የልጅ ልጃቸው ሁለቴ ታሟል። "አካም ቡልቴ" ብለው እንኳ ሰላም ሳይሉኝ፣ "መድኃኒትህ ቢምቢ አይገድልም" አሉ።

"ግድግዳውን በእበት ለስነው መድኃኒቱን ሸፍነውት ይሆናል።"

"አልለሰንኩም።"

ዘጠኝ ዓመት ስረጭ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ተናድጄ ከደጃቸው ተመለስኩ። ምሳም አልበላሁም።

መስከረም 25

ሪፖርት ጻፍኩ። መድኃኒቱ ያልሠራው ነዋሪው ከርጭት በኋላ ግድግዳ ስለሚለስን ነው አልኩ። "ለምሳሌ ወይዘሮ ድንቅቱ" ብዬም ጨመርኩ። ግልባጩ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለኦቦ ሆርዶፋ። ስም መጥራት ነበረብኝ?

ጥቅምት 4

ኦቦ ሆርዶፋ ላኩብኝ። ሴትዮዋ በኅዳሩ ስብሰባ ሕዝብ ፊት ይወቀሳሉ፤ እኔም እንድገኝ።

ለባለቤቴ ለባየሽ ነገርኳት። "ግድግዳው መለሰኑን አይተሃል?" አለችኝ።

እንጀራውን ቆርሼ ያዝኩት።

"በል ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ" አለች።

አላየሁም። ቤት ውስጥ እንኳ አልገባሁም።

ጥቅምት 11

ሸዋገነት የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ከወባ መከላከያው ዋና መሥሪያ ቤት መጣች። መድኃኒቱ አሁንም ቢምቢ ይገድል እንደሆነ ልትፈትን ነው። ቢምቢ የምትፈልገው በሕይወት ያለ! ዘጠኝ ዓመት ስገድል ኖሬ አሁን እንዳይሞቱብኝ ተጠንቅቄ ልያዝ።

የሚያዙት በአፍ በሚሳብ ቀጭን ቱቦ ነው። "ወንፊት አለው፣ ወደ አፍህ አይገባም" አለችኝ። የእኔው ወንፊት ተቀዶ ኖሯል። አንዷ ገባች። ዋጥኳት... ሸዋገነት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይህ ሁሉ የሆነው አዴ ድንቅቱ ቤት፣ ዓይናቸው እያየ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ባትሪ ይዤ ግድግዳውን አየሁ። ሰኔ ላይ የረጨሁት ነጭ ብናኝ እንዳለ አለ። እላዩ ላይ ደግሞ አንዲት ቢምቢ... ሆዷ በደም ተነፍቶ፣ እንደ ቤቷ ተቀምጣለች።

አልለሰኑም።

ጥቅምት 13

አምቦ። ፈተናው እንዲህ ነው፤ ዲዲቲ የተነከረ ወረቀት ባለበት ብልቃጥ ቢምቢዎቹ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ ብልቃጥ ተዛውረው በማግሥቱ የሞቱት ይቆጠራሉ። ዛሬ ስናይ ሁሉም ሞተዋል። ደስ አለኝ። "ይኸው፣ ይሠራል" አልኩ።

ሸዋገነት ሌላ ብልቃጥ አነሳች። "እነዚህ መድኃኒት ያልነካቸው ናቸው።" እነሱም ሞተዋል።

"ሌታ፣ ከእጃጂ ስንመለስ የቢምቢዎቹን ሳጥን የት አድርገኸው ነበር?"

ከመኪናው ጣራ ላይ... ፀሐይ ላይ። በሙቀት ነው ያለቁት። ሁሉም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሠርቶ ሴትዮዋ ቢወቀሱ ደስ ሊለኝ ነበር?

ጥቅምት 19

እንደገና አዴ ድንቅቱ ቤት። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ከአልጋው ሥር፣ ከጎተራው ጀርባ እያሉ የቢምቢውን መደበቂያ አሳዩን። ቆይተው ቱቦውን ከእጄ ወሰዱ። እኔ ሃያ ስይዝ እሳቸው ሠላሳ አራት፤ የቀረውን ሸዋገነት ከጎረቤት ቤቶች ያዘች።

"ጥርስ የለኝም፤ ለመሳብ ይመቻል" አሉ። ዛሬ ሳቁ።

ጥቅምት 21

ቆጠርን። መድኃኒቱ ከነካቸው መቶ ውስጥ የሞቱት ሠላሳ አንድ። ካልነካቸው ሃያ አምስት አንዲት ብቻ።

"ሁለተኛ ልቁጠር" አልኩ። ቆጠርኩ። ያው ነው።

"ድሮም የማይሞቱ ጥቂት ነበሩ" አለች ሸዋገነት። "ሌላው ሲያልቅ የወለዱት እነሱ ናቸው። ልጆቻቸውም እንደነሱ።"

ታዲያ እኔ ዘጠኝ ዓመት ጠንካራዎቹን ቢምቢዎች ስመርጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው? እንዲያ ነው አለችኝ። ሻይ ጋበዘችኝ። አሳዝኛት ይሆናል።

ኅዳር 7

ስብሰባው። ሕዝቡ ሣር ላይ ተቀምጧል። አዴ ድንቅቱ ፊት ለፊት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ተነሣሁ። በኦሮምኛ ተናገርኩ፤ "ግድግዳቸውን አልለሰኑም። ቢምቢው ነው መድኃኒቱን የቻለው። ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ኦቦ ሆርዶፋ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያ የሚወቀሰው ማነው?"

"እኔ።"

"ይብቃው" አሉ አዴ ድንቅቱ ከተቀመጡበት። "ቢምቢ ውጦልናል።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሪፖርቱን በእጄ ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ።

ጥር 16

ከሸዋገነት ደብዳቤ። ሌሎች ቦታዎችም ተፈትነው ውጤቱ ተመሳሳይ ሆኗል። ለወንዙ ዳር ሰፈሮች ሌላ መድኃኒት ሊመደብ ነው። ባየሽ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ስሜ ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ።

ሰኔ 14

አዲሱ መድኃኒት ማላታዮን ይባላል። ሽታው... ኧረ አይነሣ። ባየሽ ልብሴን ከቤት ውጭ አስወለቀችኝ።

ጠዋት አዴ ድንቅቱ ጋ ሄድኩ። ፓምፑን ደጅ አስቀምጬ ስለ መድኃኒቱ ነገርኳቸው፤ እንደሚሸት፣ እህልና ዕቃ መውጣት እንዳለበት፣ ይህንንም ቢምቢው አንድ ቀን ሊችለው እንደሚችልና በየዓመቱ መጥተን እንደምንፈትን። ከዚያ፣ "ልግባ? ይፈቅዱልኛል?" አልኩ።

ትንሽ አዩኝ።

"ስንት ዓመት ቤቴን ረጨህ?"

"አሥር ሊሆነኝ ነው።"

"ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ" አሉ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "በል ግባ፤ መጀመሪያ ግን የማሽላውን ጆንያ አውጣልኝ።"

ሦስት ጆንያ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።