ለእኔ የተጻፈው ወረቀት

ጥቅምት 6

ጻፊ። ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ጠዋት ሁለት የተቀቀለ ድንች፣ ያለ ጨው። ምሳ የአትክልት ሾርባ፣ ያለ ጨው። ውሃ ሦስት ሊትር፣ በጠርሙስ ቆጥሬ። ክሊኒክ ሄጄ ግፊቴን ተለካሁ፣ ወርዷል። ነርሷ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት "እንደ እኚህ አባት ሁኑ!" አለች። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ!

የሚበሉትን በየቀኑ ያስጽፉ ያለችኝም እሷው ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ የጓሮውን ክፍል የተከራየችው አስተማሪ ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። "ከምግቡ ሌላም ልጻፍ አባባ?" ትላለች። ያልኩሽን ሁሉ ጻፊ። ለሰው ግን አታነቢም። ለባለቤቴም ቢሆን።

ፊደል ባልቆጥር ምን አፍራለሁ? ሠላሳ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ስሠራ የማን ጆንያ የቱ እንደሆነ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ክሊኒክ የሰጡኝ ወረቀት አሥራ ሁለት መስመር ነው። ዘበኛው ሁለቴ አነበበልኝ፤ በቃ፣ ገባ። ጨው ይተዉ። ውሃ በብዛት ይጠጡ። ቅባት ይቀንሱ... እስከ መጨረሻው በቃሌ እወጣዋለሁ።

ጥቅምት 9

ባለቤቴ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "የታጠበ ጨርቅ ነው የሚለው" አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። "የታመምከው አንተ፤ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?"

ለእኔ የበጀኝ ለእሷ አይበጃትም? አንድ ቤት፣ አንድ ድስት። እንደ እኔ መብላት ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። እግሯ ስለሚያብጥ አንድ ክኒን ትውጣለች፣ ሽንት ቤት ያመላልሳታል። ታዲያ ውሃው ይበዛባታል እንዴ? ጠርሙሷን የምሞላው ራሴ ነኝ። ባዶ ሳይሆን ከፊቷ አልነሳም። የጨው ጣሳውን የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው።

ጥቅምት 13

ድንች። ሾርባ። ውሃ ሦስት። እሷም ሦስት።

ጥቅምት 15

አስተማሪዋ መጻፉን ትታ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች። ምንድነው?

"አባባ አይቆጡኝና... እማማ ትናንት ክፍሌ መጥተው ነበር። ጨው ለመኑኝ። መዳፋቸው ላይ ባደርግላቸው እንደ ስኳር ላሱት።"

ደሜ ፈላ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ፣ ተከራይ ቤት ሄዳ ጨው ትልሳለች! ፍየል ናት?

"ሰውነታቸው ፈልጎት ቢሆንስ?"

ሰውነት የማይፈልገው ምን አለ? የእኔ ሰውነት ስንት ዓመት ሲጋራ ፈለገ፣ ሰጠሁት? ሁለተኛ እንዳትሰጫት አልኳት። እሺ አለች። እሺ ማለትሽንም ጻፊ።

ጥቅምት 21

ራሷን ያማታል። ያቅለሸልሻታል። ኩሽና መሃል ቆማ "ምን ልሠራ ነበር የመጣሁት?" አለች። እርጅና ነው። እኔስ ከዘራዬን ስንቴ እረሳለሁ?

ውሃ ጨመርኩላት። ወረቀቱ ራስዎን ሲያምዎ ውሃ ይጠጡ ይላል።

ጥቅምት 25

ላስጽፈው፣ አላስጽፈው... ጻፊ።

ቀን ስድስት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። ምሳ ልንበላ ነው። ባለቤቴ ሦስት ሳህን አወጣች። ሦስተኛው የማን ነው? እንግዳ አለ? "ቀስ ብለህ ተናገር፣ ታስደነግጣታለህ" አለች። ማንን? በአገጯ ወደ ኩሽናው በር አመለከተችኝ።

"ልጅቷን።"

በሩ ላይ ማንም የለም። የተደገፈ መጥረጊያ ብቻ።

ልጅ ነበረችን። አራት ዓመቷ ነበር። ከሞተች አርባ አንድ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልወለድንም። ይበቃል፣ እዚህ ላይ አቁሚ።

ጥቅምት 26

ድንች። ውሃ ሦስት። ዛሬም ሦስት ሳህን። ሦስተኛውን አላነሳሁትም። ለምን አላነሳሁትም?

ጥቅምት 28

"ኩባያዋን ይዛ ቆማለች" አለች ባለቤቴ።

የምን ኩባያ?

"የወተቱን ነዋ። ጨርሻለሁ ትላለች። ሁሉንም ጠጥቻለሁ ትላለች። አሁን አትጩህባት።"

እኔ መቼ ጮህኩ? ዛሬ አልጮህኩም። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ በሩን አየሁት። ምንም የለም... ግን የለም ብዬ ዞር ማለት አቃተኝ።

እያሾፈችብኝ ይሆን? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልትቀጣኝ?

ጥቅምት 29

በሩን ዝጊና ጻፊ። አትዪኝ፣ ወረቀቱን እያየሽ።

ያን ጊዜ አንድ የጤና ሠራተኛ ሚዛን ተሸክሞ በየቤቱ ይዞር ነበር። የእኛ ልጅ ከስታለች። "በቀን ሦስት ኩባያ ወተት፤ ለሁሉም ልጅ የምናዘው ይሄንኑ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ የጎረቤት ልጆች ጠጥተው ጉንጫቸው ሞላ። የእኛዋ ትጠጣለች፣ ታስመልሳለች። ሆዷ ይነፋል። ያስቀምጣታል። ባለቤቴ "አልተስማማትም፣ ይቅርባት" አለች። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። የሰው ልጅ ሁሉ የሚጠጣውን የእኔ ልጅ ምን ሆና? ከወፍጮ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ እየተመላለስኩ ፊቷ ቆሜ አጠጣኋት። አፍንጫዋን ይዤ። ዱቄት በዱቄት በሆነ እጄ። ስትጨርስ ኩባያውን ገልብጣ ታሳየኛለች። "ጨረስኩ አባዬ።"

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሞተች። ሰው ተቅማጥ ነው አለ። እኔም ተቅማጥ ነው አልኩ።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ታዲያ ኩባያውን ለባለቤቴ ማን ነገራት?... አይ ሞኝነት! እሷም እኮ እዚያው ቤት ነበረች። እሷም ቆማ ታይ ነበር።

ኅዳር 1

የሚያሳፍር ነው፣ ጻፊው። ባለቤቴን ጠጋ ብዬ "ምን ትላለች?" አልኳት። እኔ! በማላያት ልጅ ወሬ ጠያቂ ሆንኩ።

"አባዬ ተቆጥቷል ወይ ትላለች።"

"አልተቆጣም በያት።"

"ራስህ ንገራት።"

ወደ በሩ ዞሬ ተናገርኩ። ለመጥረጊያው።

አስተማሪዋ ግቢ ውስጥ ያዘችኝ። "አባባ፣ እማማ ደህና አይደሉም። ነገ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው።" ከነገ ወዲያ አልኳት። "ለምን ከነገ ወዲያ?" አለችኝ። አሁን ልንገርሽ፣ ጻፊው። ልጅቷ እንዳትሄድብኝ ነው።

ኅዳር 4

የምንጽፈው ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው።

ትናንት ጠዋት ባለቤቴ ውሃዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ። አስተማሪዋ ሮጣ መኪና አመጣች። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ... ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "ምን ይበላሉ?" ስትለኝ ተነስቼ ቆምኩ። አሥራ ሁለቱንም መስመር አወረድኩላት። አንዲት ቅንጣት ጨው ቤቴ ውስጥ አትገባም አልኩ። ውሃ በቀን ሦስት ሊትር፣ ጠርሙሱን የምሞላው እኔ ነኝ አልኩ። ጎበዝ አባት ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አባት፣ ወረቀቱ ለማን ነው የተሰጠው?"

"ለእኔ።"

"እርስዎ ስንት ኪሎ ነዎት?"

"ሰማንያ አራት።"

"እሳቸው አርባ ሦስት ናቸው። ግፊት የለባቸውም። የሚውጡት ክኒን ራሱ ጨው በሽንት ያስወጣል። ጨው ካልገባ፣ ውሃ ደግሞ እንዲህ ከበዛ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ያልቃል። አልቋል። አንጎላቸው አብጧል። የሌለ ነገር ያዩ ነበር?"

አዎ ያለችው አስተማሪዋ ናት።

"ታዲያ ወረቀቱ ውሸት ነው?" አልኳት።

"ለእርስዎ እውነት ነው።"

ትድናለች ወይ ስላት፣ ጨውን ቀስ እያልን ነው የምንመልሰው፣ ከተቸኮለም ይጎዳል፣ ዛሬንና ነገን እንይ አለች። ማየት ነው እንግዲህ። ከነገ ወዲያ ያልኩት ያ ቀን ትናንት ነበር።

ኅዳር 6

አልነቃችም። ጠብታው ይወርዳል። ጨው ያለበት ውሃ ነው አሉኝ። እቆጥረዋለሁ፣ ሺህ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ዛሬ ምን እንደበላሁ ጠየቅሽኝ። ተይው።

ኅዳር 8

ነቃች። ቀና ብላ አይታኝ "ጢምህን ለምን አልተላጨህም? ሰው የሞተብህ ትመስላለህ" አለች። ሳቅኩ ወይ አለቀስኩ፣ አንዱን አድርጌያለሁ።

ነርሷ ስትወጣ ጠብቄ "ልጅቷስ?" አልኳት።

"የቷ ልጅ?"

ወደ በሩ አላየችም። ሦስት ሳህን አታስታውስ፣ ኩባያ አታስታውስ፣ ምንም። እኔ ግን አየሁት፣ በሩን። አሁንም አያለሁ። በዚያ ሰሞን የተባልነውን ሁሉ የማስታውሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ሄደች... ሁለተኛ ሄደች።

ኅዳር 14

ቤት ገብተናል። የጨው ጣሳው መደርደሪያው ላይ ነው። ሁለት ድስት ተጣደ፣ ትልቁ የእኔ፣ ትንሹ የእሷ። ሐኪሟ ለእሷ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ብርጭቆ እንደሚገባት ለይታ ነግራናለች፤ ክኒኑንም ቀይራላታለች። እኔ የድሮዬን እበላለሁ። ግፊቴ ደህና ነው።

ባለቤቴ ማንኪያዋን ልሳ አየችኝ። "አንተ ሰው፣ ወፍጮ ቤት ሳለህ በቆሎና ስንዴ ድንጋዩን ሳታስተካክል ትፈጭ ነበር?"

"ምን ነካሽ! ለአንዱ አላላለሁ፣ ለአንዱ አጠብቃለሁ።"

"ለእህል እንዲህ ታውቅበታለህ።"

ሾርባዬን ጠጣሁ።

ኅዳር 17

ክሊኒክ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ ያንኑ ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለእኔ ነው አባቴ፣ ግን ለቤቱ ሁሉ ይሆናል፤ ባለቤቴም ልጆቼም..."

"አይሆንም! እነሱን ይዘሽ ነይና አስመርምሪያቸው!"

ጮህኩ መሰለኝ። ነርሷ ብቅ ብላ "አባት፣ ሰው አይረብሹ" አለችኝ። ያቺው ነርስ። ዛሬም ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ኅዳር 20

ዛሬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ድንች ትልጣለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ታመሽ ሳለሽ ልጅቷን አይተሻታል አልኩ። ኩባያዋን ይዛ ነበር አልኩ። ወተቱን ተይ ስትዪኝ ያልተውኩት እኔ ነኝ፤ ተቅማጥ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ጨውሽን የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። ያንኑ ነገር ሁለቴ አደረግኩ። በዚህኛው ደግሞ ልጅቷን ማየትሽን እንዳትተዪብኝ ብዬ ሐኪም ቤት ሳልወስድሽ አንድ ቀን አዘገየሁሽ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። "አርባ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩህ" አለች።

ተነስታ ጓሮ ወጣች። ድንቹን እኔ ላጥኩት።

ኅዳር 21

አታናግረኝም።

ኅዳር 22

አታናግረኝም። ምግቧን ጨው አድርጌ አቀረብኩላት። ቀመሰችው። በዛም አነሰም አላለችም።

ኅዳር 24

ከሰዓት በኋላ ልብስ ታጥፋለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነኝ። ከየት መጣ ሳይባል፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ ጀመረች።

"እኔም ዝም ብያለሁ። ኩባያውን ከእጅህ ልነጥቅህ እችል ነበር። ፈራሁህ።"

ይሄ ቃል... ፈራሁህ። ጻፊው።

"ይቅር በይኝ" አልኩ። ይቅር ብያለሁም፣ አልልህምም አላለችም። አንድ ሸሚዝ አጠፈች። ሌላ አነሳች።

"ልጅቷ፣ ልጅቷ ትላለህ። ልጅህ ስም የላትም?"

አላት።

"ከተቀበረች ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። ጥራው።"

አፌን ከፈትኩ፣ እንቢ አለኝ። በቃሌ ስንቱን የምይዝ ሰው! ውጪ መኪና አለፈ፣ ሰው ሰውን ተጣራ፤ እሷ ሸሚዙን ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ ወጣ። ድምፄን የእኔ አልመሰለኝም፣ የሆነ ወጣት ሰው ድምፅ ነው።

"እንደገና" አለች።

እንደገና ጠራሁት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሦስተኛውን አብረን አልነው።

አስተማሪዋ አሁን ቀና ብላ "ስሙን እንዴት ብዬ ልጻፈው አባባ?" ትለኛለች።

እሱ አይጻፍም። እሱን በአፌ እጠራዋለሁ።