በሩን የከፈቱልኝ ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ከምሳ በኋላ
ፈተና እያረምሁ ነው። አይገፋም። ነገ የመምህራን ስብሰባ አለ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል። ክርክሩ፦ በመንግሥት ጡረታ እንቆይ ወይስ ከሥራ ስንወጣ በአንዴ የሚከፈለን የራሳችን የቁጠባ ፈንድ እንዲፈቀድልን እንጠይቅ? ወጣቶቹ ገንዘባችን በእጃችን ይሁን ባይ ናቸው። እኔ የጡረታው ደጋፊ ነኝ። ምስክሬ አባባ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ዛሬ ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት፣ በጡረታቸው ተከብረው ይኖራሉ።

ማክሰኞ፣ አመሻሽ
እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ተናገርሁ። አባቴ የማንንም እጅ አያዩም አልሁ። ተጨበጨበልኝ። ስንወጣ በሩን የከፈቱልን ዘበኛ... አባባ! የሰፋቸው የደንብ ልብስ፣ በእጃቸው ዱላ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የሒሳብ መምህሩ ሙሉቀን፣ እኒህ ሽማግሌ ጡረታ የላቸውም እንዴ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ! አባባ እንደማያውቁኝ ሆነው፣ «በሰላም ግቡ ጌቶቼ» አሉን።

ረቡዕ
ሰባታሚት ሄድሁ። ይቆጡኛል ስል ወንበር ሳቡልኝ። ኑሮው ሲወደድ ጡረታው አልበቃ ብሏቸዋል፤ እኔም ልጆች ስላሉብኝ እንዳልቸገር ብለው ዘበኝነቱን ደብቀውኛል። ጡረታውን ግን አያማርሩም። ጓደኛቸው ከሥራ ሲወጣ በአንዴ የተሰጠውን ገንዘብ ጨርሶ ዛሬ የዘመድ ጥገኛ ነው። የእኔ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ትመጣለች ይላሉ።
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ተወው። በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው ያላወቅሁህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምን በልተው እንደሚያድሩ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ዓርብ፣ ከሰዓት
ስብሰባው ዛሬ ቀጠለ። በሩ ላይ የአባባን ጉልበት ልስም ዝቅ አልሁ። ሸሹኝ። «ይግቡ ጌታዬ፣ ጀምረዋል።» አንቱ አሉኝ፣ አባቴ! ሙሉቀን ቆሞ ያያል። አባቴ ናቸው አልሁት። አጎንብሶ ቀድሞኝ ገባ።
አዳራሽ ገብቼ፣ ማክሰኞ የነገርኋችሁ ሐሰት ነው፣ አባቴ በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ናቸው አልሁ። ጡረታው ይቆይ፣ ግን ሰው ያኑር ብዬ ተቀመጥሁ። ማንም አላጨበጨበም። ደግ።
ስወጣ በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ። ሽማግሌው የደንብ ልብሳቸውን አስረክበው፣ ሥራውን ትተው ሄዱ አለኝ። የተናገርሁት ተሰምቷቸው ይሆን? ያን እንጀራቸውንም አሳጣኋቸው?
ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፍ። ተነሥቼ ሰባታሚት እሄዳለሁ። ከእኔ ጋር ይኑሩ ብዬ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። እምቢ ካሉኝ ግን እንደ ዘበኛ በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ አድራለሁ።