ስለ ብሩ ውሃና ስለ ዕድራችን ጡሩምባ

ለተከበሩ አቶ ልዑል፣ የመንደራችን መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛን የሚነድፈው ቢንቢ እርስዎን እንደሚፈራ በአንደበትዎ ስለነገሩን፣ በጤናዎ በኩል ብዙ ሐሳብ የለኝም።

እኔ ከበቡሽ፣ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ የተፈራ ባለቤት፣ ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ የሉም ስለተባልኩ ነው። ጫማዎን ከመጋረጃው ሥር አይቼዋለሁ፤ ብቻውን ቤት የሚጠብቅ ታማኝ ጫማ ነው ብዬ ተመለስኩ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ባለፈው መስከረም፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ምክንያቱን ለባለቤቴ እንኳ ሳይነግሩ ጡሩምባ ስላስነፉልን እናመሰግናለን። በእኛ መንደር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነውና፣ እንደ ወጉ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጎረቤቴ ኑርሃንም የንፍሮውን ድስት ተሸክማ፣ ማን ሞተ እያልን ከዕድሩ ድንኳን ደረስን። የሞተ ሰው አልነበረም። ነጭ ጋዋን የለበሱ አንድ እንግዳ በካርቶን ከሞሉት ጠርሙሶቻቸው ጋር ቆመው ነበር። በጠርሙሱ ያለው ደቃቅ የብር ብናኝ የተቀላቀለበት ውሃ እንደሆነ፣ ስሙም ኮሎይዳል ሲልቨር እንደሚባል፣ ወባን፣ ታይፎይድን፣ ጨጓራንና የመገጣጠሚያ ሕመምን ሁሉ እንደሚያጠፋ ነገሩን። አንድ ጠርሙስ ይህን ሁሉ ሥራ ሲሠራ ሰምቼ ስለማላውቅ ጥርጣሬዬ የጀመረው እዚያው ነው። እርስዎ ግን ተነሥተው፣ እኔ ራሴ ጠጥቼ ድኛለሁ ብለው መሰከሩ። በለቅሶ ድንኳን መሃል የተነገረ ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ ከመሐላ አያንስም።

፪. የመጀመሪያውን ማንኪያ በሰው ፊት እንዲጠጣ ባለቤቴን ስለመረጡልኝም አመሰግናለሁ። እሱማ ክብር መስሎት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሳያዛንፍ ጠጣው። በኅዳር ወባ ሲይዘው ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው፣ ሊቀመንበሩ የመሰከሩለት መድኃኒት መደርደሪያዬ ላይ አለ አለኝ። በጥር ደግሞ ወባው ተመልሶ ጣለው፤ አሁንም አሻፈረኝ አለ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ በግንቦት ራሱን ስቶ ሲንዘፈዘፍ ከኑርሃን ጋር ባጃጅ ላይ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተመለሰ።

፫. ስለ መልኩም ሳላመሰግን አላልፍም። ያገባሁት ሰው ጠይም ነበር። አሁን ድዱና ጥፍሩ፣ ከዚያም ፊቱ፣ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ሰብለ የምትባለው የሆስፒታሉ ነርስ እንዳስረዳችኝ፣ የሚጠጣው ብር ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ መልኩም እንደ ቀድሞው አይመለስም። ወባንም ሆነ ሌላ በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ጭራሽ አንዳንድ መድኃኒቶች በደንብ እንዳይሠሩ ያደርጋል። እንግዳዎ ሐኪሞችም ብርን ይጠቀሙበታል ያሉት ግማሽ እውነት ነው፤ ሐኪሞች በቃጠሎ ቁስል ላይ የሚቀቡት የብር ቅባት አለ። የሚቀባውን ሁሉ የምንጠጣ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያው ይዘጋና ጫማ ጠራጊዎቹ ጋ እንሰለፍ።

፬. ይህኛው እንኳ ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ነው። በዚያው በኅዳር ሽንኩርት ይዤ ጀውሃ ገበያ በሄድኩበት ቀን፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከአንድ ክሊኒክ የወባ ኪኒን ይዞ የሚወጣ ሰው አየሁ። አካሄዱም፣ ከዘራውም፣ ያ ታማኝ ጫማውም የእርስዎ ነበር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ክሊኒክ ጠፍቶ ነው? አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ለትንሣኤ እንኳን አደረሳችሁ ልል ስመጣ ደግሞ ጠርሙስዎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አየሁት፤ ማሸጊያው አልተነካም። ሲስቁም ድድዎ እንደ ድሮው ቀይ ነው። እውነት ያንን ውሃ አንድ ማንኪያ ቀምሰውት ያውቃሉ?

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ፈርቻለሁ። ሆስፒታሉ ወባው እንዳያገረሽበት የአሥራ አራት ቀን ኪኒን ሰጥቶታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልነካውም። ነርሷ ልጅ ናት፣ ሊቀመንበሩ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትልቅ ሰው በድንኳን መሃል አይዋሽም ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ እየተነሣ የዚህን መንደር ሞት ሲያረዳ የኖረ ሰው ነው፤ የእርስዎን ቃል ተጠራጥሮ አያውቅም። እኔ ብለምነው አይሰማኝም፤ እርስዎ በቆሙበት ድንኳን ቆመው አልጠጣሁትም ካሉ ግን ይሰማል። የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው።

ሲናገሩ እንጂ ሲጠጡ ላላየንዎ መሪያችን ረጅም ዕድሜ፣ ቀይ ድድና የማይሸሽግ መጋረጃ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ከበቡሽ

ግልባጭ፦
ለዕድሩ አባላት በሙሉ
ወፍጮ ቤት ተራ ለሚጠብቅ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ የዕድሩ ጡሩምባ ጠፋ ብሎ እንዳመለከተዎ ሰምቻለሁ። አልጠፋም፤ ከጤፍ በርሜሌ ውስጥ ነው። እሑድ ድንኳኑን ተክለው እውነቱን ለመናገር ከፈቀዱ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ካልፈቀዱ ሰኞ ማለዳ ደጅዎ ቆሜ እኔው እነፋዋለሁ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ማን ሞተ እያለ ሲሰበሰብ፣ ተፈራ ገና አልሞተም፣ የሞተው የሊቀመንበራችን ቃል ነው እላቸዋለሁ።